ከፒያኖው ኋላ የተገኘው

ለመሆኑ ጠበቃ ሊቆምለት የማይገባ ሰው አለ? የሕግ ሰዎች ሲጠየቁ «የለም» ይላሉ። እውነትም በመጽሐፍ የለም። በልብ ግን አለ። ነፍሰ ገዳይን ተከራክሮ ነፃ ያወጣ ጠበቃ ጀብዱው በየመሸታ ቤቱ ይወራለታል፤ በሕፃናት ላይ የተፈጸመን ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳይ ምስል ይዞ ለተገኘ ሰው የቆመ ጠበቃ ግን ስለ ሥራው ለጎረቤቱ አያወራም። ክሱ ፍርዱን አዝሎ የሚመጣ ክስ ነው። ገና ሲነበብ ችሎቱም፣ ጋዜጠኛውም፣ መንደርተኛውም የሚጠይቁት «አድርጓል ወይ?» ብለው አይደለም፤ «ሌላስ ምን አድርጓል?» ብለው ነው።

አንድን ቤተሰብ ያፈረሰችው ይህችው ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት። አሜሪካዊው አንድሩ ጃሬኪ በ2003 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ካፕቸሪንግ ዘ ፍሪድማንስ» በሚል ርእስ ያወጣው ዘጋቢ ፊልም የዚያ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ርእሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ ያስቸግራል። የእንግሊዝኛው ቃል በካሜራ መቅረጽንም፣ በቁጥጥር ሥር ማዋልንም በአንድነት ያቅፋል፤ «ፍሪድማኖችን መያዝ» ብንል ፖሊሱን እናገኛለን እንጂ ካሜራው ያመልጠናል። በፊልሙ ውስጥ ደግሞ ካሜራው ከፖሊሱ ያላነሰ ሥራ አለው።

ፊልሙ በወጣበት ዓመት በሰንዳንስ የዘጋቢ ፊልሞችን ትልቁን ሽልማት ወስዷል፤ ለኦስካርም ታጭቶ ነበር። ያኔ ብዙ ተጽፎለታል። ዛሬ መልሰን የምናነሣው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፊልሙ ክፍት ትቶት የሄደውን ክርክር ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ በ2010 እና በ2013 ቀጥለውበታል። ሁለተኛ፣ ያን ጊዜ በቡናማ ፖስታ ታሽጎ ይመጣ የነበረው ነገር ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ያ ቤተሰብ የገባበት ጣጣ ለብዙ ቤት ቅርብ ሆኗል።

የፊልሙ አወላለድ ራሱ ታሪክ ነው። ጃሬኪ የተነሣው በኒውዮርክ በሕፃናት የልደት በዓል ላይ ፊታቸውን ቀብተው ስለሚያስቁ አጫዋቾች ለመሥራት ነበር። ከነሱ ውስጥ ስመ ጥር የነበረውን ዴቪድ ፍሪድማንን ሲያነጋግር ሰውዬው ስለ አባቱ ሲጠየቅ ይሸሻል። ዳይሬክተሩ ሽሽቱን ተከትሎ ሄደ። ሲደርስ ያገኘው የወንጀል መዝገብና፣ ራሱ ቤተሰቡ በዚያ በመከራው ወራት የቀረጸው ክምር የቪዲዮ ካሴት ነው።

አባትየው አርኖልድ ፍሪድማን በሎንግ አይላንድ በምትገኘው ግሬት ኔክ በምትባል የደህና ኑሮ ከተማ የሚኖር መምህር ነበር። ተማሪዎቹ የሚወዱት፣ ፒያኖ የሚጫወት፣ በወጣትነቱ የሙዚቃ ጓድ የመራ ሰው ነው። ኮምፒዩተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን በቤቱ ምድር ቤት ለሠፈሩ ልጆች የኮምፒዩተር ትምህርት ይሰጣል። በ1984 የአሜሪካ ጉምሩክ ከሆላንድ በስሙ የተላከ መጽሔት ይይዛል። በመጽሔቱ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ናቸው። የፖስታ መርማሪዎች እንደሱው ያለ ፍላጎት ያለው ሰው መስለው ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመሩ፤ ጊዜ ወሰደ፤ በመጨረሻ አርኖልድ ከራሱ ዘንድ ያለውን መጽሔት በፖስታ ላከላቸው። በኅዳር 1987 አንድ መርማሪ የፖስታ አመላላሽ ልብስ ለብሶ መጽሔቱን ለባለቤቱ መለሰለት፤ ጥቂት ቆይቶ የመበርበሪያ ማዘዣ ይዞ ተመለሰ። በምድር ቤቱ ከፒያኖው ኋላ የተደበቁ ሌሎች መጽሔቶች ተገኙ።

የፌዴራሉ ክስ ይኸው ነው። በፖስታ መላክ፣ በፖስታ መቀበል። ማስረጃው በእጅ የሚጨበጥ፣ ተከሳሹም ያመነበት። እዚህ ላይ ቢቆም ፊልምም አይሠራበትም ነበር። ነገር ግን ፈታሾቹ ከመጽሔቶቹ ጋር የኮምፒዩተር ተማሪዎቹን የስም ዝርዝር አገኙ። ዝርዝሩ ወደ ናሶ አውራጃ ፖሊስ ተላለፈ፤ የፖሊስ መኪኖች በየተማሪው ቤት ደጃፍ መቆም ጀመሩ። በምስጋና በዓል ዋዜማ አባትየውና የ18 ዓመቱ ትንሹ ልጁ ጄሲ ተያዙ። አሁን ክሱ የኒውዮርክ ግዛት ክስ ነው፤ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ሕፃናትን መድፈር። በጄሲ ላይ ብቻ የቀረበው ነጥብ ከ200 በላይ ደረሰ።

ከዚህ ላይ አንባቢ ሁለቱን ክሶች ለይቶ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የፊልሙም የክርክሩም ቁልፍ ይኸው ነውና። በመጀመሪያው ክስ ወረቀት አለ፣ ፖስታ አለ፣ የእጅ ጽሑፍ አለ። በሁለተኛው ከልጆቹ ቃል በቀር ምንም የለም። የሐኪም ማስረጃ የለም። ከመርማሪዎቹ በፊት ቅሬታ ያቀረበ ልጅ የለም፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ያዩት ነገር የለም፤ እንዲያውም አንዱን ኮርስ ጨርሰው ለሚቀጥለው የተመዘገቡ ልጆች አሉ። የልጆቹም ቃል የተገኘው መርማሪዎች ደጋግመው ከጠየቁ በኋላ ነው፤ አንደኛው በሰመመን ሕክምና ውስጥ ገብቶ ነው ያስታወሰው። ይህ ማለት ልጆቹ ዋሹ ማለት አይደለም። የመከላከያ ጠበቃ ሊሞግትበት የሚችል ሰፊ ሜዳ ነበር ማለት ነው።

ግን ማን ይሞግት? መጽሔቱ በፍርድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሁለተኛው ክስ ማስረጃ አያሻውም፤ የመጀመሪያው ማስረጃው ሆኗል። ምርመራውን ትመራ የነበረችው የፖሊስ ኃላፊ በፊልሙ ውስጥ ስትናገር መጽሔቶቹ በየቤቱ ማእዘን በይፋ ተከምረው እንደነበር ታወሳለች። ዳይሬክተሩ አንድም አስተያየት ሳይሰጥ በፍተሻው ቀን የተነሡትን ፎቶግራፎች ያሳየናል፤ ሥርዓት የያዘ የመካከለኛ ኑሮ ቤት ነው፣ የተከመረ ነገር የለም። ሴትዮዋ ውሸታም አይመስሉንም። ከፒያኖው ኋላ የነበረው በትውስታቸው ውስጥ ተባዝቶ ቤቱን ሞልቶታል። መዝገቡን የያዙት ዳኛም በጥፋተኝነታቸው ለአፍታ እንኳ ተጠራጥረው እንደማያውቁ በፊልሙ ውስጥ ራሳቸው ይናገራሉ። ዳኛ ይህን የሚለው ምስክር ሳይሰማ፣ ክርክር ሳይካሄድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ክርክር አልተካሄደምና። አርኖልድ በሁለቱም ክስ «ጥፋተኛ ነኝ» አለ። ለምን እንዳለ ፊልሙ በሰፊው ያብራራል፤ ከፊልሙም ጠንካራው ክፍል ይህ ይመስለኛል። አባትና ልጅ በአንድ ችሎት ቢቀርቡ የልጁ ዕድል የመነመነ ነው፤ ዳኝነት የሚሰጡት የሠፈር ሰዎች መጽሔቱን ባዩበት ዓይን ጄሲን ያያሉ። ስለዚህ አባት አምኖ ይውጣ፣ ልጁ ብቻውን ይሟገት ተባለ። እናትየው ኢሌን ይህን ደገፈች፤ ልጆቿ ደግሞ አባታችንን ሸጠሽ ብለው ተነሡባት። አባት አመነ። ግን የታሰበው ሳይሆን ቀረ፤ የአባትየው እምነት በልጁ ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነ። በታኅሣሥ 1988 ጄሲም አመነ፤ ከ6 እስከ 18 ዓመት ተፈረደበት። ለችሎቱ ሲናገር አባቱ እሱንም ደፍሮት እንደነበር አለቀሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከእስር ቤት ሆኖ ለቴሌቪዥን ተናዘዘ። ዛሬ ሁሉንም ይክዳል። የአባቴን ነገር ያመነጨው ጠበቃዬ ነው ይላል። ጠበቃው ደግሞ የለም፣ ራሱ ነው የነገረኝ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ያሳየናል ፊልሙ፤ ሁለቱም እውነት የሚናገሩ ይመስላሉ። በጠበቃና በደንበኛው መካከል የተባለው ነገር እንዲህ አደባባይ ወጥቶ ሲበጣጠስ ማየት፣ የሕግ ሙያ ለሚያውቅ ሰው የሚያሳቅቅ ነው።

ኢሌን የምትናገራት አንዲት ነገር አለች። መርማሪዎቹ መጽሔቱን አምጥተው አሳዩኝ ትላለች፤ ዓይኔም ወደሱ አቅጣጫ ነበር፣ ነገር ግን ምንም አላየሁም፤ ያየሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የፖሊስ ኃላፊዋ የሌለውን ክምር አየች፤ ሚስት ፊቷ ላይ የተዘረጋውን አላየችም። በዚህ ዓይነት ክስ ሰው የሚያየው በዓይኑ አይደለም።

ይህን ለማነጻጸር በዚያው ዘመን፣ በዚያው የፖስታ መርማሪዎች ዘዴ የተያዘ ሌላ ሰው አለ። በኔብራስካ ግዛት የሚኖር፣ አረጋዊ አባቱን የሚጦር ገበሬ ነው። በ1984 መጀመሪያ የልጆች ሥዕል ያለባቸውን ሁለት መጽሔቶች ገዛ፤ ያን ጊዜ በፌዴራሉ ሕግ አያስቀጣም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕጉ ተለወጠ። ስሙ በመጽሔት ሻጩ መዝገብ ላይ ስለተገኘ ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአምስት የፈጠራ ድርጅቶች ስም ለ26 ወራት ያህል ደብዳቤ ላኩለት፤ መጠይቅ ላኩለት፤ የንግግር ነፃነትን ስለ ማስከበር ሰበኩት። በመጨረሻ አንድ መጽሔት አዘዘ፤ ሲቀበል ተያዘ። ቤቱ ሲፈተሽ ከነዚያ ከሁለቱና መንግሥት ራሱ ከላከለት በቀር ምንም አልተገኘም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1992 አምስት ለአራት ሆነው «ጃኮብሰን በዩናይትድ ስቴትስ ላይ» በተባለው ፍርድ ለቀቁት። ዳኛ ዋይት የጻፉት ሐተታ ፍሬ ነገሩ፣ ሰውዬው ወንጀሉን ለመሥራት አስቀድሞ ዝግጁ እንደነበረ መንግሥት ማስረዳት አለበት፤ ዝግጁነቱን ራሱ መንግሥት ሁለት ዓመት ተኩል ሊደርስ ሲኮተኩት ቆይቶ አይሆንም፤ የሚል ነው።

አርኖልድ ፍሪድማን በዚህ መከላከያ ሊጠቀም ይችል ነበር? አይመስልም። ፍርዱ የመጣው እሱ ካመነ ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያም ሁሉ በላይ የሆላንዱ መጽሔት የመጣለት ከመንግሥት አንዲት ደብዳቤ ሳይደርሰው በፊት ነው። ምሳሌውን ያመጣነው አርኖልድን ነፃ ለማውጣት ሳይሆን፣ በዚህ ክስ ጠበቃ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የገበሬው ጠበቃ ምስሉን አላቃለለም፤ ደንበኛዬ ቅዱስ ነው አላለም። ጥያቄውን አጠበበ። ማን አነሣሣ? መቼ? በየትኛው ሕግ ጊዜ? ይህን አድርጓል፣ ያንን ግን አላደረገም፤ በዚህ ይጠየቅ፣ በዚያ አይጠየቅ ብሎ ለያይቶ የሚናገር ሰው ነው በግሬት ኔክ የጠፋው።

እንግዲህ ወደ ዳይሬክተሩ እንመለስና ሒሳባችንን እናወራርድ። ጃሬኪ በጥበቡ አይታማም። ሁሉንም ወገን ያናግራል፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሲያፈርሰው ያሳየናል፤ ራሱ አይፈርድም። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ እርስ በርሱ እየተከራከረ ነው። ተቺዎች የወደዱለትም ይህን ነው። እኔ ግን በዚህ ገለልተኝነት ላይ ሁለት ቅሬታ አለኝ።

የመጀመሪያው ስለተተወው ነገር ነው። ከአባትና ከልጅ ሌላ የተከሰሰ ሦስተኛ ወጣት ነበረ፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በጄሲ ላይ ለመመስከር የተስማማ። ይህ ሰው በፊልሙ ቦታ አላገኘም ማለት ይቻላል። እርግጥ ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ቃሉን አንሥቷል፤ ቢሆንም ተመልካቹ የመመዘን መብት ነበረው። በ2004 የኦስካር ምርጫ ሲቃረብ ከቀድሞዎቹ ተማሪዎች ጥቂቶቹ ለአካዳሚው ደብዳቤ ጽፈው ፊልሙ እውነቱን አጣሟል ሲሉ አቤት ብለዋል። ጠበቃ ለደንበኛው የሚጠቅመውን መርጦ ቢያቀርብ ሥራው ነው፤ ከፊት ለፊቱ የተተወውን የሚያነሣ ዐቃቤ ሕግ ተቀምጧል። በሲኒማ አዳራሽ ግን ተቃራኒ ወገን የለም። ገለልተኛ ነኝ ብሎ የጠበቃን መቀስ የሚጠቀም ሰው ለሁለቱም ሙያ አልታመነም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይከብዳል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ማንም የማይክደው ወንጀል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመጽሔቱ። ፊልሙ ግን በቶሎ አልፎት የሚሄደው ይህንኑ ነው። መጽሔቱ የታሪኩ በር መክፈቻ ቁልፍ ሆኖ ያገለግልና ይጣላል። በመጽሔቱ ውስጥ የነበሩት ሕፃናት እነማን ናቸው? የት አደጉ? ማንም አይጠይቅም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 «ኒውዮርክ በፈርበር ላይ» በተባለው ጉዳይ እንዲህ ያለው ምስል በሕፃኑ ላይ የተፈጸመው በደል ቋሚ መዝገብ መሆኑን፣ በተሠራጨ ቁጥርም ጉዳቱ እንደሚብስ አስረግጦ ተናግሯል። ዛሬ በሙያው ያሉ ሰዎች የቀድሞውን «ፖርኖግራፊ» የሚል ስም ትተው «የጥቃት ምስል» የሚሉትም ስለዚህ ነው፤ የፌዴራሉ የሕግ መጽሐፍ ግን አሁንም የድሮውን ስም እንደያዘ ነው። ዐቃቤ ሕጉ በእነዚያ ሕፃናት ምስል የተጠቀመው ስለ ሌሎች ሕፃናት ለማስረዳት ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ሁለተኛውን ክስ አጠራጣሪ ለማድረግ ሲል የመጀመሪያውን እንደ አንድ የሚያሳዝን ድካም አሳይቶ አሳለፈው። ሁለቱም ወገን ልጆቹን ሳያዩ ተሻገሩባቸው። አርኖልድ ራሱ ከነሱ ይሻላል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ለአንዲት ጋዜጠኛ በጻፈው ደብዳቤ በኮምፒዩተሩ ክፍል የተባለውን ክዶ፣ በሌላ ቦታ በሌላ ጊዜ ያጠፋውን ግን ተናዟል። ያን ደብዳቤ በፍርድ ቤት ያነበበው የለም።

ይህን ካልሁ በኋላ ፊልሙን የማይረሳ የሚያደርገውን ካልተናገርሁ በደል ይሆናል። እሱም ዴቪድ በዚያው ሰሞን ገዝቶ ያለማቋረጥ የቀረጸበት የቤት ካሜራ ነው። ቤተሰቡ በአይሁድ ፋሲካ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ይጯጯኻል፤ ወንዶቹ በእናታቸው ላይ አብረዋል፤ አባትየው አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሏል። ስለ ጥፋቱ የሚናገር የለም፤ ክርክሩ ሁሉ ማን ከማን ጎን ቆመ የሚል ነው። ጄሲ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ለመቅረብ በሄደበት ቀን ወንድማማቾቹ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ በካሜራ ፊት ይቀልዳሉ። የማያውቃቸው ልበ ደንዳና ይላቸዋል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ የሚያመልጠውን ሰው ያየ ግን ያውቃቸዋል። ከዚያ ቤት ውስጥ አባቱን «ምን አደረግህ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ በካሜራው አልተያዘም። ወይ አልተጠየቀም፣ ወይ ሲጠየቅ ካሜራው ጠፍቶ ነበር።

አርኖልድ በ1995 እስር ቤት ውስጥ መድኃኒት አብዝቶ ወስዶ ሞተ፤ የሕይወት ኢንሹራንሱን 250,000 ዶላር ለጄሲ ትቶለት። ጄሲ 13 ዓመት ታስሮ በ2001 ተፈታ፤ ፊልሙንም ይዞ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ተሟገተ። በ2010 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጊዜው አልፏል ብሎ አቤቱታውን አልቀበልም ሲል፣ በዚያው ውሳኔ ሰውዬው ያለ አግባብ ተፈርዶበት ሊሆን እንደሚችል ጽፎ ጉዳዩ እንደገና እንዲመረመር አሳሰበ። የናሶ ዐቃቤ ሕግ ሦስት ዓመት መርምሮ በ2013 ፍርዱ ትክክል ነበር አለ። መርማሪው የከሳሹ መሥሪያ ቤት መሆኑ ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም። በሕግ ዓይን ጄሲ ዛሬም ጥፋተኛ ነው።

በዛሬው ሕግ የአርኖልድ ዓይነት ሰው ቢያዝ ነገሩ ሌላ ነበር። ከ2003 ወዲህ በፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውን ምስል መላክም ሆነ መቀበል ከ5 ዓመት የማያንስ፣ እስከ 20 ዓመት የሚደርስ እስር ያስከትላል፤ መያዝ ብቻ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከሰስ ሰው ዝቅተኛ ወለል የለውም። ሳይቀበል የያዘ ሰው ግን ከየት ይመጣል? ስለዚህ «ተቀበለ» ወይስ «ያዘ» ይባል የሚለው ጉዳይ በዐቃቤ ሕጉና በጠበቃው መካከል በድርድር የሚያልቅ ሆኗል፤ ከአሥር ተከሳሾች ዘጠኙ በላይ አምነው ነው የሚወጡት። የቅጣቱን መመሪያ የሚያወጣው የፌዴራሉ ኮሚሽን ራሱ በ2012 መመሪያው ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን የተቀመረ፣ ቀላሉን ከከባዱ የማይለይ መሆኑን ለምክር ቤቱ አሳውቋል።

በ2006 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ምስሉ ከመንግሥት እጅ እንዳይወጣ፣ ለመከላከያም ቢሆን እንዳይገለበጥ ደንግጓል። ስለዚህ ጠበቃው ወደ መርማሪዎቹ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡታል። ኮምፒዩተሩ የነሱ ነው። የፋይሉን ስም፣ የተፈጠረበትን ቀን፣ የተከፈተበትን ሰዓት ይመለከታል፤ ደንበኛው አይቶታል ወይስ ሳያውቀው ገብቶበታል የሚለውን ለመለየት። ኢሌን ማየት ያልቻለችውን፣ ጃሬኪ ያለፈውን እሱ ማየት አለበት። አንዱን ከፍቶ ያያል፣ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ያለውን ይከፍታል።